ቤት በአሶሳ፦ የመጀመሪያው ብር ለመሠረቱና ለጣሪያው

አሶሳ ላይ ቤት ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን የሚጀምረው ከክፍል ቁጥር ነው፤ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ማድ ቤት፣ ቢተርፍ ደግሞ ለኪራይ የሚሆን ሰርቪስ። ፕላኑንም አዲስ አበባ ከሠራ ዘመዱ ይዋሳል። በሌላ ቅደም ተከተል እንዲያስቡ ልለምንዎት ነው። በዚህች ከተማ ቤትን የሚፈትኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚወርደው ዝናብ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የምታቃጥለው ፀሐይ፣ ዓመቱን ሙሉ ከአፈር ሥር የማያርፈው ምስጥ። ሦስቱም ጉዳታቸውን የሚያደርሱት በዋናነት በሁለት በኩል ነው፤ በመሠረቱና በጣሪያው። ስለዚህ ገንዘብዎ ትንሽም ይሁን ብዙ መጀመሪያ መዋል ያለበት ከእግርዎ ሥርና ከራስዎ በላይ ላለው ነው። ክፍል በኋላ ይቀጠላል፣ ሴራሚክ በኋላ ይነጠፋል፣ ግድግዳም ሳይለሰን አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዝቅ ብሎ የተሠራን መሠረት ከፍ ማድረግ ወይም አጭር የጣሪያ ክፈፍን ማስረዘም ግን ቤቱን አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት ብዙም አይለይም።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀቱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከከተማው ዳርቻ የእርሻ ይዞታ «ገዝተው» የሚሠሩ ሰዎች በእጃቸው ያለው ውል ዳኛ ፊት የሚቆም አይደለም፤ ሌሊት የተሠራ ጨረቃ ቤት ቀን ይፈርሳል፤ ለመሠረት የፈሰሰው ሲሚንቶም አይመለስም። በከተማ ውስጥ በሊዝ የሚገኝ የመኖሪያ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 እስከ 99 ዓመት የሚደርስ የይዞታ ዘመን አለው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በስምዎ ሳይወጣ አንድ ድንጋይ እንኳ አያስጭኑ። ቀጥሎ የሕንፃ አዋጁ የሚጠይቀው የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ይመጣል። አዋጁ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ይመድባል፤ ፎቅ የሌለው የግል መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ውስጥ ስለሚገባ የሚጠየቀው ፕላን ቀለል ያለ ነው። ከአዋጁ ወዲህ የወጣ መመሪያና የከተማው የራሱ ደንብ ሊኖር ስለሚችል፣ ከድንበር ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎት ጭምር ማዘጋጃ ቤቱን በአካል ቀርበው ይጠይቁ። ይህን ሁሉ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ግንባታ በማያስነካበት ወቅት ይጨርሱት።

ቦታውን ለማየትም የሚሻለው ክረምት ነው። በጥር ሲያዩት ደረቅና ሜዳ የሆነ ቦታ በነሐሴ የጎረቤት ሁሉ ጎርፍ መሰብሰቢያ ሊሆን ይችላል። ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ ሄደው ውሃው ከየት እንደሚመጣና በየት እንደሚወጣ ይመልከቱ፤ ቤቱ የሚያርፍበትን ከፍ ያለ ጎን በዚያው ዕለት በካስማ ምልክት ያድርጉበት። በአሶሳ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ቀይ አፈር ውሃ በደንብ የሚያሰርግና ቤት የሚሸከም ነው፤ ረባዳው ላይ ግን በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ሊያጋጥም ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ ቤቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጉድጓድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያስቆፍሩ። ዋልካ ከወጣ፣ ወይ ቦታውን ይቀይሩ ወይ ዋልካው እስኪያልቅ ተቆፍሮ በገረጋንቲ እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ አስቀድመው በጀት ይያዙ። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከቤቱ ዝቅ ባለው ጎን፣ ከእርስዎም ሆነ ከጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ እንዲውል አሁኑኑ በንድፉ ላይ ያስፍሩ። በኋላ ቦታ አይገኝለትም።

ዝናቡ የሥራውን ቀን መቁጠሪያ ቆርጦ ይሰጥዎታል። መሠረት ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ይቆፈር፤ ግድግዳው እስከ የካቲት ይቁም፤ ቆርቆሮው ከመጋቢት መጨረሻ በፊት ይመታ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ብዙ ጊዜ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ስለሚመጡ በሚያዝያ ግማሹ ብቻ የተመታ ጣሪያ ይዞ መገኘት አደጋ ነው። እዚህ ላይ ግንበኞች የሚያነሡት እውነተኛ ችግር አለ፦ በጋ ውሃ ይጠፋል፣ ኮንክሪት ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። መልሱ ክረምት መሥራት አይደለም፤ ከሥራው በፊት በርሜልና ሮቶ ሞልቶ መጠበቅ ነው። የፈሰሰ ኮንክሪት ቢያንስ ሰባት ቀን በጆንያ ወይም በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ መጠጣት አለበት፤ በየካቲት ፀሐይ ሳይጠጣ የደረቀ ኮንክሪት ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የላላ ይሆናል። ውሃ ማመላለሻው ውድ ከሆነብዎት ሥራውን በትንሽ በትንሽ ይከፋፍሉት እንጂ ይህን ወጪ አይቀንሱ።

ቤቱ ወደ የት ይዙር ለሚለው ጥያቄ አሶሳ ያለችበት ቦታ ራሱ መልስ ይሰጣል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በመጋቢት አጋማሽ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ የምታዘነብለው በ10 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ አንድ ሜትር የወጣ ክፈፍ የደቡቡን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ያጠላዋል። በታኅሣሥ፣ ፀሐይ በጣም ወደ ደቡብ በምትወርድበት ጊዜ እንኳ ያው ክፈፍ የግድግዳውን የላይኛውን አንድ ሜትር ተኩል ይሸፍናል፤ መስኮት የሚገኘውም እዚያ ነው። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር የሰሜኑ ክፈፍ ሥራውን ይሠራል። በምዕራብ በኩል ግን ነገሩ ይለወጣል፦ በመጋቢት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመታ ያው አንድ ሜትር ክፈፍ የሚያጠላው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በመሆኗ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ15 ደቂቃ በላይ ዘግይታ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተዋሱት ፕላን ይህን አያውቅም። እንግዲህ የቤቱ ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፣ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ትይዩ ሆነው ነፋስ ያሳልፉ። የምዕራቡን ግድግዳ ለመጸዳጃ ቤትና ለዕቃ ቤት ይስጡት፣ ወይም ሰፊ በረንዳ ይሥሩለት፣ ወይም ከሦስት አራት ሜትር ርቀት ላይ ማንጎ ይትከሉለት። መንገዱ በምዕራብ በኩል ከሆነና «ፊቱ ወደ መንገድ መሆን አለበት» ካሉ፣ የግቢው በር ወደ መንገድ ይሁን፤ የመኝታ መስኮት ግን ለመንገድ ሲባል የምዕራብ ፀሐይ መጋፈጥ የለበትም።

አሁን ወደ መሠረቱ። ምስጥ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል፣ ከመንዲና ከወለጋ እስከ አሶሳ ዙሪያ፣ ሰብልና ቤት የሚያጠፋ ጠላት መሆኑን ነዋሪው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ አካሄዱን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ምስጥ ኑሮው አፈር ውስጥ ነው፤ እርጥበት ሲያጣ ይደርቃል፣ ብርሃንም ይሸሻል፤ ስለዚህ ወደ እንጨት የሚወጣው አፈር ከእንጨት ጋር በቀጥታ ሲነካካ፣ ወይም በስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ፣ ወይም በግድግዳው ላይ የጭቃ ቦይ እየሠራ ነው። የመከላከሉ ዘዴ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፦ የተደበቀውን መንገድ ዘግቶ በግልጽ እንዲወጣ ማስገደድ፣ ከዚያም አይቶ ማፍረስ። በድንጋይ የተገነባው መሠረት ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ድንጋዩ በጭቃ ሳይሆን በሲሚንቶ ይያያዝ፤ በድንጋይ መሀል የተሞላ ጭቃ ለምስጥ የተዘጋጀ መንገድ ነውና። በመሠረቱ ራስ ላይ ፌሮ የገባበት ግሬድ ቢም ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይፍሰስ፤ ጥቅሙ ሸክም ማከፋፈል ብቻ አይደለም፣ ሳይሰነጠቅ ሲቀር ወደ ላይ የሚወስደውን መተላለፊያ ሁሉ ይዘጋል፤ ምስጥ ጥፍር በማታስገባ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋልና። በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ወፍራም የእርጥበት መከላከያ ፕላስቲክ ይነጠፍ። አቅም ከፈቀደ ደግሞ ከመሠረቱ ራስ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ ዙሪያውን ይዙር። ወለሉ ከመሞላቱ በፊት የድሮ ሥር፣ ጉቶና የፎርም እንጨት ሁሉ ተለቅሞ ይውጣ፤ አናጢው «ይቅር፣ ይቀበራል» ቢልዎ አይስማሙ።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? መድኃኒት ይረጫል፣ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል» የሚል አለ። የሞተር ዘይት የተቀባ እንጨት ለጊዜው ይድናል፤ ዝናብና ጊዜ ሲያጥበው ግን ምስጡ ይመለሳል፣ ዘይቱም ወደ ጉድጓድ ውሃዎ ይሰርጋል። ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣትም ያንን አንድ ጎጆ ያዳክማል እንጂ የጎረቤቱን አያቆመውም። ኬሚካልን አልቃወምም፤ ከእርሻ ባለሙያ ጋር ተመክሮ በትክክለኛው መጠን መሠረቱ ሳይሞላ ቢረጭ ይረዳል። ነገር ግን ኬሚካል የሚያልቅበት ጊዜ አለው፤ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ግን ከቤቱ ጋር ዕድሜውን ሁሉ ይኖራል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገበሬዎች ጎተራቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው የሚያቆሙት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው፤ እህላቸውን የሚያድኑበትን ጥበብ ለመኝታቸው የማይጠቀሙበት ምክንያት የለም።

ስለ ግድግዳው ክርክሩ የጭቃ ወይስ የብሎኬት ነው። ብሎኬት ዘመናዊነት ነው፣ ጭቃ ድህነት ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ዕዳ ውስጥ ከቷል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ከቀጭን ብሎኬት የተሻለ ቅዝቃዜ ይሰጣል፤ የሚሞተው እግሩ ሲረጥብና እንጨቱ ሲበላ ብቻ ነው። ስለዚህ የጭቃ ቤት ከሠሩ ምሰሶዎቹን አይቅበሩ፤ በድንጋዩ መሠረት ላይ በተቀበረ የብረት ማሰሪያ ይቁሙ። ያልተቀበረ ምሰሶ ስለሚወዛወዝ በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት መደገፊያ ይግባለት፤ ይህ ከተረሳ ቤቱ ያዘነብላል። ጭቃውም ከጭድ ጋር በደንብ ቦክቶ ይመረግ። ብሎኬት ከመረጡ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ምስጥ ብሎኬት አይበላም፣ ነገር ግን በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ማንም ሳያየው እስከ ጣሪያ ይወጣል፤ የበር ቋሚውንና የጣሪያውን ሞራሌ ይበላል። የመጀመሪያው ረድፍ ብሎኬት ሆዱ በኮንክሪት ይሞላ፣ ከላይም በግድግዳው ራስ ላይ የሚፈሰው የማሰሪያ ቢም ዙሪያውን ይዝጋው። ፌሮውንና ሲሚንቶውን ከመሀል አገር በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል የሚያመጣው መንገድ ረጅም ነው፤ በጸጥታ ችግር የተስተጓጎለባቸው ጊዜያትም ነበሩ። እያንዳንዱ ኩንታል ሲሚንቶ ይህን ሁሉ ኪራይ ተሸክሞ ከመጣ በኋላ የሚውለው የት እንደሆነ መምረጥ ብልህነት ነው። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ሲሚንቶ ለመሠረቱና ለማሰሪያው ቢም፣ አፈር ለግድግዳው።

ጣሪያው ላይ አይቸኩሉ። ቆርቆሮ ሲገዙ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ከ35 ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይበልጣል። ክፈፉ በዙሪያው አንድ ሜትር ይውጣ፤ ፀሐይ ከማጥላቱም በላይ ዝናብ የጭቃውን ምርጊት እንዳያጥብ የሚያደርገው እርሱ ነው። ረጅም ክፈፍ ነፋስ ይይዛል የሚለው ስጋት ትክክል ነው፤ መፍትሔው ማሳጠር ሳይሆን ማሰር ነው። የማሰሪያው ቢም ሲፈስ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ፌሮ ቀና ብሎ ይተው፤ የጣሪያው ወራጅ በምስማር ብቻ ሳይሆን በዚያ ፌሮ ታጥፎ ይታሰር። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ሳይኖር መተኛት በሚያዝያ አሶሳ ከባድ ነው፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር ግን መውጫ ካላገኘ እርሱም ይግላል። በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች ላይ መተንፈሻ ይከፈት፤ መተንፈሻውም መስኮቱም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ በግድግዳና በጣሪያ መካከል የሚቀረው ክፍተትም እንዲሁ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ የበረታበት ክልል ነውና ይህን እንደ ቅንጦት አይቁጠሩት። በጋምቢያ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በር፣ መስኮትና የጣሪያ ሥር ክፍተት በወንፊት የተሸፈነባቸው ቤቶች ውስጥ የሚገባው ትንኝ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ የደም ማነስ ያለባቸው ሕፃናት ካልተሸፈኑት ቤቶች 19 በመቶ አካባቢ ሲሆኑ በተሸፈኑት ወደ 12 በመቶ ወርደዋል። ኮርኒስ ብቻ በወንፊት መሥራትም ተመሳሳይ ጥቅም አሳይቷል። ጥቂት ሜትር ሽቦ ከአንድ ክፍል ሴራሚክ በብዙ ይረክሳል።

ለኮርኒስና ለበረንዳ ከቺፕውድ ይልቅ ቀርከሃን እመርጣለሁ። ከኢትዮጵያ የቀርከሃ ሀብት አብዛኛው የቆላ ቀርከሃ ነው፣ ክልሉም ከዋነኞቹ መገኛዎች አንዱ ነው፤ የዚህ ቀርከሃ አገዳ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ ሳይሆን ድፍን ሊባል የሚቀርብ በመሆኑ ጠንካራ ነው። «ቀርከሃ በሁለት ዓመት ይነቅዛል» የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ የሚነቅዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጋ ሆኖ ወይም በክረምት የተቆረጠው ነው። ነቀዝ የሚስበው በአገዳው ውስጥ ያለው ስታርች ስለሆነ ሦስት ዓመት የሞላው አገዳ በበጋ ይቆረጥ፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይዘፍዘፍ፣ ከዚያ በጥላ ይድረቅ። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ከተገኘ በእነርሱ ውህድ መዘፍዘፍ የበለጠ ዕድሜ ይሰጠዋል። በምንም ዓይነት ግን አፈር አይንካ፣ ዝናብም በቀጥታ አይምታው።

«በዚህ ስሌት ለሦስት ክፍል ያሰብኩት ገንዘብ ለሁለት ብቻ ይበቃል» ይላሉ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ይሥሩ። ፕላኑ ግን ከመጀመሪያው ለአራት ይሠራ፤ የሚቀጥለው ክፍል የሚያያዝበት ጎን ይታወቅ፣ ግሬድ ቢሙ በዚያ በኩል ፌሮውን ሃምሳ ሴንቲ ሜትር አስወጥቶና ከዝገት ተሸፍኖ ይጠብቅ፣ ጣሪያውም በዚያ አቅጣጫ እንዲቀጥል ተደርጎ ይዋቀር። ቤተሰብ በሁለት ደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ቢኖር አይጎዳም፤ በአራት የሚያፈስስና የሚበላ ክፍል ውስጥ ግን በየዓመቱ ለጥገና የሚከፍለው ገንዘብ ሦስተኛውን ክፍል ይሠራ ነበር። ከግንበኛው ጋር የሚዋዋሉት በጽሑፍና በምዕራፍ ይሁን፦ ቁፋሮ፣ የድንጋይ ሥራ፣ ግሬድ ቢም፣ ግድግዳ፣ የላይኛው ቢም፣ ጣሪያ፤ እያንዳንዱ አልቆ ሳይታይ የሚቀጥለው ክፍያ አይውጣ። መሠረት ከተሞላ በኋላ የሚታይ ነገር ስለሌለ በሥራው ቦታ መገኘት ያለብዎት በዚያ ሳምንት ነው። ኮንክሪት በአካፋ ግምት አይቦካ፤ በሳጥን ይለካ፣ ለቢም የተለመደው አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው። ውሃ እንዳይበዛበት ይጠብቁ፤ ሠራተኛው ውሃ የሚያበዛው ለማፍሰስ እንዲቀልለት ነው፣ ጥንካሬው ግን በዚያው ልክ ይወርዳል።

ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ወዲያው አሸንዳ ይግጠሙ። የአሶሳ ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 80,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል፤ አምስተኛው ቢባክን እንኳ ከ60,000 ሊትር በላይ ይቀራል። ይህ ውሃ ወይ በመሠረትዎ ሥር ይገባል ወይ ለእርስዎ ይጠቅማል። በጥቅምት መጨረሻ የተሞላ የ5,000 ሊትር ሮቶ በቀን 60 ሊትር ቢቀዱበት እስከ ጥር አጋማሽ ይዘልቃል፤ የሚቀጥለውን ክፍል ኮንክሪት የሚያጠጡትም በእርሱ ነው። የሞላው ውሃ የሚፈስበት ቦይ ከቤቱ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። በቤቱ ዙሪያም ወደ ውጭ ያዘነበለ የ80 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ንጣፍ ይሠራ። በዚህ ንጣፍ ላይ ማገዶ አይከመር፣ የአበባ መደብ አይሠራ፣ አሸዋም አይራገፍ፤ መሠረቱ ከንጣፉ እስከ ግድግዳው ሁልጊዜ ለዓይን ክፍት ይሁን። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቤቱን ይዙሩት፤ በድንጋዩ ላይ ጣት የሚያህል የጭቃ ቦይ ሲወጣ ካዩ ጠርገው ያፍርሱት፣ ከየት እንደተነሣም ተከትለው ስንጥቁን በሲሚንቶ ይዝጉት።